ሽፋኑ የተቀደደ ጥናት

የሌላ ሰው ጽሑፍ የሰረቅኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። የያዙኝም የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ነበሩ።

ጊዜው የደርግ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ወዳለች አንዲት ትንሽ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተመደብኩ። ናዝሬት ተወልጄ ያደግኩ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ እናቴ ምደባውን ስትሰማ «ልጄን ገጠር ጣሉት» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። መንግሥትን ማኩረፍ ስለማይቻል ያኮረፈችው እኔን ነው። በሦስተኛው ቀን በሶ በቅቤ አሽታ በቆርቆሮ ሞልታልኝ አውቶቡስ ላይ ሰቀለችኝ፤ በሞጆ ዞረን፣ መቂን አልፈን፣ አቧራ ለብሼ ደረስኩ።

ጣቢያዋ ግራር ሥር የተቀመጡ ሦስት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ የዘር መጋዘንና የሙከራ ማሳዎች ነበሩ። ቤተ መጻሕፍት የምንለው ኃላፊያችን ቢሮ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የቆሙ ሁለት መደርደሪያዎችን ነው። ከሷ ቀጥሎ የታይፒስቷ ክፍል አለ።

ሁላችንም «እትዬ» እንላቸው ነበር። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ የሸዋ ሰው ናቸው። ጠዋት ሲገቡ ነጠላቸውን አጥፈው ወንበሩ ጀርባ ላይ ያደርጋሉ፣ ቀለበታቸውን አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ይከታሉ፣ ከዚያ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያፍታታሉ። ሁለት የጽሕፈት መኪና ነበራቸው፤ አንዱ ለአማርኛው ደብዳቤ፣ አንዱ ለእንግሊዝኛው ጥናት። በየዓመቱ ጣቢያዋ የምታወጣውን የጥናት መድበል በሰም በተቀባ ወረቀት፣ በስቴንስል፣ የሚመቱት፣ በማባዣው የሚያባዙት፣ በመርፌና በክር የሚጠርዙት እሳቸው ናቸው።

እንግሊዝኛ አይናገሩም። ግን በዚያ መኪና ላይ ያልመቱት የእርሻ ጥናት ስለሌለ የትኛው ቃል ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ ጣታቸው ያውቀው ነበር። መጀመሪያ የሰጠኋቸውን ሪፖርት ሲመልሱልኝ «ልጄ፣ እዚህ ጋ አንድ ኤስ ጎድሎሃል፤ ጨምሬልሃለሁ» አሉኝ። አፈርኩ። ከኮሌጅ በማዕረግ ነበር የወጣሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ዳቦ ስገምጥ ካዩኝ ቀን ጀምሮ ሳህናቸውን ወደኔ ገፋ ማድረግ ለመዱ። ጾም ሲሆን ሽሮ፣ ፍስክ ሲሆን ከሐይቁ የመጣ የቆሮሶ አሳ ጥብስ። እየበላሁ ስለ ናዝሬት ይጠይቁኛል፤ ስለ ባቡር ጣቢያው፣ ስለ ገበያው፣ ስለ እናቴ ጤና። እናቴን አይተዋት አያውቁም፤ ግን በየወሩ መጨረሻ ወደ ቤት ስሄድ «ሰላም በልልኝ» ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም።

የተሰጠኝ ሥራ ቦሎቄ መቼ ቢዘራ ይሻላል የሚል ሙከራ ነበር። ሰኔ አጋማሽ፣ ሐምሌ መጀመሪያና ሐምሌ መጨረሻ ላይ በየተራ ዘርቼ፣ ምርቱን መዝኜ፣ ማወዳደር። ማሳው ላይ አብረውኝ የሚሠሩት ፀጉራቸው የሸበተ የአካባቢው ተወላጅ ነበሩ። ከተማ ወጥተው ያውቃሉ፣ አማርኛ ይናገራሉ፣ ሰላምታውና ቀልዱ ግን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። ጠዋት «አካም ቡልቴ» ይሉኛል፤ እኔ ናዝሬት በለመድኩት ኦሮምኛ ስመልስላቸው አነጋገሬን እየደገሙ ይስቁብኛል። ጋሼ ነበር የምላቸው።

ሙከራው እስከ ኅዳር ደህና ሄደ። የመጨረሻው ዘር የሚሰበሰብበት ሳምንት ላይ የእህቴ ሠርግ ሆነ። ለሦስት ቀን ፈቃድ ወጥቼ ናዝሬት ስምንት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ማሳው ታጭዷል፣ ቦሎቄው ተወቅቶ መጋዘኑ ውስጥ ካለው ዘር ጋር ተቀላቅሏል። ጋሼን ምን ያህል እንደወጣ እንኳ አልጠየቅኳቸውም። መዝገቡ የኔ፣ ሚዛኑ የኔ ነው፤ ካልመዘንኩት አልተመዘነም ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ሰሞን ኃላፊያችን ጠሩኝ። የዓመቱ መድበል ሊወጣ ነው፤ ጥናት ያሳተሙ ወጣቶች ለውጭ አገር ትምህርት ይታጫሉ የሚል ወሬም ነበር። «ያንተን በሁለት ሳምንት አድርስልኝ፣ ጓድ» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

መደርደሪያው ላይ ሽፋኑ የተቀደደ አንድ ጥናት ነበር። ስለ ቦሎቄ አዘራር፣ እዚያው ጣቢያ የተሠራ። የጻፈው ሰው ስም የለበትም፤ የመጀመሪያው ገጽ በጥንቃቄ ተገንጥሏል። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አናወራም። የጻፈው እኔ ከመምጣቴ በፊት እዚያ ይሠራ የነበረ ተመራማሪ ነው፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደኅንነት ሰዎች በላንድሮቨር መጥተው ወስደውታል። ከዚያ በኋላ ስሙ ያለበት ወረቀት ሁሉ ስሙ እንዲወጣ ታዘዘ።

ከዚያ ጥናት መግቢያውን፣ ትንታኔውንና ማጠቃለያውን ገለበጥኩ። ለራሴ ያልኩትን ዛሬም አስታውሳለሁ፦ ስሙን መጥቀስ አይቻል፣ ባለቤት የለው፣ ማንን ይጎዳል? ማጠቃለያው ቦሎቄ ቀድሞ ሲዘራ ይሻላል ይላል። ላልመዘንኩት ለመጨረሻው ዘር ከዚህ ማጠቃለያ ጋር የሚስማማ ትንሽ ትንሽ ቁጥር ከራሴ አውጥቼ ሰንጠረዡ ውስጥ አስገባሁ። ሰኞ ጠዋት ለእትዬ ሰጠሁ።

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ አስጠሩኝ።

«ና እስቲ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። መኪናው ላይ ግማሽ ድረስ የተመታ ስቴንስል አለ። «ይሄን ከዚህ በፊት መትቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ይሄን። ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ያለውን።»

«ስለ ቦሎቄ ስንቱን መትተዋል እኮ እትዬ። ይመሳሰላል።»

በመዳፋቸው የእጅ ጽሑፌን ሸፈኑት። ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ አድርገው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ በቃላቸው ወረዱት። እያንዳንዱን ፊደል እንደተጻፈ ነው የሚያነቡት፤ አነባበባቸው የራሳቸው ነው፤ ግን አንድ ቃል አልሳቱም። ሲጨርሱ እጃቸውን አነሱ። ያው ዓረፍተ ነገር በኔ ጽሑፍ ተቀምጧል።

«ሦስት ጊዜ ነው የመታሁት» አሉ። «አንዱን እሱ አልጣመኝም ብሎ ጣለው። አንዱን እኔ ሰንጠረዡን አበላሸሁት። ሦስተኛው ደህና ወጣ።»

ደንግጬ ዝም ማለት ሲገባኝ ተናደድኩ። «የእርስዎ ሥራ መምታት ነው» አልኳቸው። «ማረም የሌላ ሰው ሥራ ነው።»

እንዲህ ብዬ መናገሬን ዛሬም ስጽፈው ፊቴ ይሞቃል። እሳቸው ግን አልጮኹም። ስቴንስሉን ከመኪናው አውጥተው ከጽሑፌ ጋር በእጄ ሰጡኝ፤ መኪናውን ልብሱን አለበሱት። «እንግዲያው ይሄን አልመታም» አሉና ቀለበታቸውን ከመሳቢያ አውጥተው አደረጉ፤ ለሻይ ወጡ። ምሳ ሰዓት ላይ ሳህናቸውን ወደኔ አልገፉትም።

ከሰዓት በኋላ መጋዘን ውስጥ የተጣለ አሮጌ የጽሕፈት መኪና አግኝቼ ራሴ ልመታው ተቀመጥኩ። በሁለት ጣት ነው የምመታው። እጅ ሲገለብጥ ዓይን ያልፋል፤ በሁለት ጣት ሲመታ ግን እያንዳንዱ ቃል ፊት ለፊት ይቆማል። እንዲህ እያልኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስኩ፦ በሙከራው ዓመት ዝናቡ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስለቆመ ዘግይቶ የተዘራው ውሃ አነሰው ይላል። እጄ ቆመ። በኔ ዓመት ዝናቡ እስከ መስከረም ማብቂያ አልቆመም። የመስቀል ዕለት ማሳው ጭቃ ውስጥ ገብቼ እናቴ የገዛችልኝ ጫማ ሶሉ ተላቅቆ ቀርቶብኛል። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ዝናብ ትቼ ከዓመታት በፊት የቆመን የሌላ ሰው ዝናብ ነበር የጻፍኩት። ይህ ጽሑፍ መቂና አዳሚ ቱሉ ዙሪያ ላሉ ገበሬዎች ምክር ተብሎ በልማት ሠራተኞች በኩል እንደሚሄድ ደግሞ አውቃለሁ።

ወረቀቱን ከመኪናው ውስጥ መዘዝኩት።

በማግስቱ ጠዋት ክፍላቸው በር ላይ ቆምኩ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ትናንት የተናገርኩት ብልግና ነው። የጻፍኩትም የኔ አይደለም።»

«ግባ፤ በሩን ዝጋው» አሉ። ድምፃቸው ያው የድሮው ነበር። ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ያ ተመራማሪ እንግሊዝኛውን ሲያስመታቸው አጠገባቸው ወንበር ስቦ ይቀመጥና ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ይተረጉምላቸው ነበር። የሚመቱትን ነገር አውቀው እንዲመቱት ይፈልጋል። «አብረን ነው የምንሠራው ይለኝ ነበር። ያን ቀን ሲወስዱት ያቺ ሦስተኛ ቅጂ ገና ክር አልገባላትም ነበር። የጠረዝኳት እኔ ነኝ። ስሙን ከሽፋኑ ቅደጂ ሲሉኝም የቀደድኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ጊዜ ግን አልቀደውም።»

ቀጥለው ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ። «ያንተ ማሳ ምን አለ? የሱን ተወው።»

የመጨረሻውን ዘር እንዳልመዘንኩ፣ ቁጥሩን ከልቤ እንዳወጣሁት ነገርኳቸው። ይህን ለመናገር ከመጀመሪያው የበለጠ ከበደኝ።

«ጋሼን ጠየቅካቸው?»

«ምን ብዬ?»

«ወይ ልጄ» አሉና ሳቁ። «ሂድ ጠይቃቸው።»

ጋሼን ያገኘኋቸው ግራር ሥር ተቀምጠው ጆንያ ሲሰፉ ነው። ጥያቄዬን ሰምተው ሲጨርሱ ግር አላቸው። «መዘንኩታ! አንተ ሠርግ ላይ ነህ፤ ቦሎቄው ደርሷል። ታዲያ ዝም ብሎ ይከመር?» አሉ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። መሠረተ ትምህርት ሲሰጥ ሰርተፍኬት ከተቀበሉት አንዱ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያዩትን ሁሉ ይጽፋሉ። በግዕዝ ፊደል፣ በኦሮምኛ። እያንዳንዷ መደብ በተራዋ፣ ስንት ኪሎ እንደወጣ፣ የትኛዋን ጦጣ እንደነካካት፣ የትኛዋ ሻግታ እንደነበረች ሳይቀር አለ። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውንም ዘር እኔ ስመዝን እሳቸውም ጎን ለጎን ጽፈውታል።

«ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?»

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አሉ፤ ቁጣ የለበትም። «የያዝከው ትልቅ መዝገብ አለ። እዚያ አለ ብዬ።»

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው በኦሮምኛ ያነባሉ፣ ያልገባኝን በአማርኛ ይደግሙልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ስንጨርስ ደምሬ አወዳደርኩ። እኔ ከልቤ ካወጣሁት ተቃራኒ ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ዓመት ዝናቡ ረዝሞ ቀድሞ የተዘራው ቦሎቄ ሳይደርቅ ማሳው ላይ ሻግቷል፤ የተሻለው ዘግይቶ የተዘራው ነው። ጋሼ ውጤቱን ስነግራቸው አልተደነቁም። «ዓይን አያይም እንዴ?» አሉኝ።

ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት። በዘጠኝ ቀን ውስጥ የጻፍኩት፣ በእንግሊዝኛው ብዙም የማያምር፣ ግን የራሴ ነው። ከቀድሞው ጥናት የወሰድኩት አሳብ ያለበት ቦታ ሁሉ የሱን ስም አስገባሁ፤ የኔ ውጤት ከሱ እንደሚለይና ምክንያቱ የዝናቡ ሁኔታ ሊሆን እንደሚችል ገለጽኩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የመጨረሻውን ምርት የመዘኑትና የመዘገቡት ማን እንደሆኑ በሙሉ ስማቸው ጻፍኩ። እትዬ መቱት። የሱ ስም ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ አንድ በአንድ፣ ጠንከር አድርገው መቱት።

የቀረው የኃላፊያችን ፊርማ ነው። ኃላፊያችን ከስብሰባ የማይቀሩ፣ በሬዲዮ ዜና ሰዓት ድምፁን ከፍ የሚያደርጉ፣ ፈሪም ደግም ሰው ነበሩ። ጽሑፉን ይዤ ስገባ እትዬ ሳልጠራቸው ተከትለውኝ ገቡ። ኃላፊያችን ገጹን እየገለበጡ አንብበው ስሙ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥናቱን የጻፈው ሰው ነው፣ ጓድ» አልኩ።

«ማን እንደሆነ አውቃለሁ! እዚህ ምን ያደርጋል ነው የምለው። ዝም ብለህ 'ቀደም ሲል በተደረገ ጥናት' ብትል ምን አለበት?»

እውነት ለመናገር እሺ ልል ነበር። አፌም ተከፍቷል።

«ጌታዬ» አሉ እትዬ። ጓድ ብለዋቸው አያውቁም። «ሰውየው አለ። ሚስቱ በየሳምንቱ እስር ቤት ስንቅ ታደርሳለች። የእጁን ሥራ እኛም ከቀማነው ምን ተረፈው?»

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን አሹ። ውጭ የውሃ ፓምፑ ይመታል። ከዚያ እንደተቆጣ ሰው እስክሪብቶ አንስተው ፈረሙ። «መጨረሻ ላይ ያለውን የዋቢ ዝርዝር ማን ያነበዋል?» አሉ፤ ለኛ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። «ውሰዱት። ሂዱ።»

መድበሉ ወጣ። ብዙ ሳምንት ላንድሮቨር ባየሁ ቁጥር እኔን ሊወስድ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ኃላፊያችንም እንደኔው ሳይሆኑ አልቀሩም፤ በዚያ ሰሞን ከሲታ ሆኑ። ግን ማንም አልመጣም፣ ማንም አልጠየቀም። ለውጭ አገር ትምህርትም አልታጨሁም። ከሌላ ጣቢያ አንድ ልጅ ሄደ። የጠበቅኩትን ያህል አልከፋኝም፤ የሚቀጥለውን ዓመት ሙከራ ከጋሼ ጋር ጀምረን ነበር፤ ሁለታችንም በየደብተራችን እየጻፍን፣ ማታ ማታ እያስተያየን።

ጋሼ የመድበሉ ቅጂ ሲሰጣቸው ስማቸው የትኛው እንደሆነ እትዬን ጠየቋቸው። እትዬ በጥፍራቸው አሳዩዋቸው። «ይሄ ሁሉ የኔ ስም ነው? በእንግሊዝኛ እንዲህ ይረዝማል?» አሉና ከዚያ በኋላ ጣቢያው የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እንዲያይላቸው አደረጉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር አይቷል።

ያ ተመራማሪ ከዓመታት በኋላ ተፈታ። ናዝሬት አንድ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ ሲባል ሰምቼ፣ አንድ ወር መጨረሻ ላይ ቤቱን ጠይቄ ሄድኩ። (አንቱ ስለው ስለከለከለኝ እዚህም «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ።) ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ እጁ ቀጭን ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ከወንበሩ ተነሳ።

«ከኔ ጋር የተከራከርከው አንተ ነህ?»

ሚስቱ መድበሉን ከእትዬ ተቀብላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለት ነበር። ሲፈታ መጀመሪያ ያነበበው ጽሑፍ እሱ ነው። «ጣቢያው ላይ የሠራሁት ሁሉ ጠፍቷል ብዬ ነበር» አለኝ። «አንድ ሰው ግን ቁጭ ብሎ አንብቦት፣ ተሳስተሃል ይለኛል። እንዴት እንደጣመኝ!»

ይህን ሲለኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። መጀመሪያ ምን እንዳደረግኩ፣ እትዬ እንዴት እንደያዙኝ፣ ቁጥር እንደፈጠርኩ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«የገለበጥከው የትኛውን ነው?» አለ።

«መግቢያውንና ትንታኔውን። ማጠቃለያውንም።»

«መግቢያውን!» አለ በእውነተኛ ቅሬታ። «ያ እኮ የጥናቱ ደካማ ክፍል ነው። በጥድፊያ ነው የጻፍኩት። ዘዴውን የገለጽኩበትን፣ ስንት ቀን የለፋሁበትን ትተህ?»

ሚስቱ ጓዳ ሆና ሳቋ ተሰማን። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን ቁም ነገሩን ሳይነካው አላለፈም። «ስሜ መነሳቱ ደስ ብሎኛል» አለ። «ከስሜ የባሰው ግን ቁጥሩ ነበር። ስሜን ብትሰርቅ የምጎዳው እኔ ነኝ። በውሸቱ ቁጥር አንድ ገበሬ ያለውን ዘር ሰኔ ላይ ቢጨርስስ?» ከዚያ እትዬ እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቀኝ፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት እንደቀራቸው ነገርኩት።

በሚቀጥለው እሑድ አብረን አውቶቡስ ይዘን ዝዋይ ወረድን። እትዬ በር ከፍተው ሲያዩት ሁለት እጁን ይዘው አገላብጠው ያዩት ጀመር። ከዚያ ከሲታ ሆነሃል፣ ካፖርትህ ስስ ነው፣ ሚስትህን ለምን ጥለሃት መጣህ እያሉ ይቆጡት ገቡ። ጎረቤት ልከው ጋሼን አስጠሩ። ጋሼ ደብተራቸውን ይዘው ነው የመጡት። አሳው እስኪጠበስ ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ያ ሰው በማያውቃቸው ዓመታት የዘነበውን ዝናብ ጋሼ ገጽ በገጽ እየገለጡ ያነቡለት ነበር፤ እሱም እያቋረጠ ይጠይቃል። እትዬ ሳህን ይዘው መጥተው «በሉ አሁን ምሳ ነው፣ ቦሎቄውን ተዉት» ቢሏቸው የሰማቸው የለም።